ዘመሮ ላይ ሰው ያልሞተበት አርባ ቀን

መምህር መርስዔ ኃዘን ባለፈው ሐምሌ ስላረፉ፣ አሁን ይህን ነገር መናገር ይቻላል። በሕይወት ቢኖሩ ትንፍሽ አልልም ነበር፤ ለእናቴ ቃል ገብቼላታለሁ።

ልጅ ሳለሁ መምህር መርስዔ ኃዘን ሰው የሚገድሉ ይመስለኝ ነበር። «ይመስለኝ ነበር» ማለትም ያንሳል፤ አውቅ ነበር። ማስረጃ ነበረኝ።

መንዝ፣ ዘመሮ ውስጥ፣ ከደብራችን አጥር ጥግ፣ ድሮ የተሰበረ ከበሮና ያረጀ ጃንጥላ የሚጣልባት አንዲት ክፍል ነበረች። እዚያች ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ጣቢያ ነበረን። የሠሯት ሃምሳ አለቃ ቅጣው ናቸው። ሃምሳ አለቃ በወታደርነታቸው ዘመን የመገናኛ ሰው ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን ሌላው ጠመንጃውን ወይም ቁስሉን ይዞ ሲገባ፣ እሳቸው አንድ ጆንያ ሽቦ ተሸክመው ገቡ። ሚስታቸው ጆንያውን ፈታ አይታ ሦስት ቀን አላናገረቻቸውም ይባላል። ከዚያ ሽቦና ከአንድ የመኪና ባትሪ ጣቢያዋ ተወለደች። አንቴናዋ ከባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ ታስሮ ነበር። ሰማዩ የጠራ ቀን ድምጿ ቀየት ከተማ ይደርሳል፤ ጉም ከወረደ የደብሩን አጥር አያልፍም። ፈቃድ? ስብከት በአየር ላይ ለመልቀቅ ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም። በኋላ የሚነግር መጣ፤ ተዘጋች፤ ተከፈተች፤ ደግሞ ተዘጋች። ዛሬ ፈቃድም፣ ማኅተምም፣ በስልክ የምትሰማበትም መንገድ አላት።

የክፍሏ ግድግዳ ድምፅ እንዳያስተጋባ ምእመናን ባዋጡት ዝተት ከላይ እስከ ታች ተሸፍኖ ነበር። የመንዝ በግ ጠጉር ነውና ክረምት ሲገባ ጣቢያችን እርጥብ በግ ትሸታለች። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ትከፈታለች፤ አንድ ሰዓት ላይ ባትሪው ይደክማል። በመጀመሪያ መዝሙር አለ፤ ካሴቱ አንድ ብቻ ስለነበር አገሩ ሁሉ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚንሻፈፍ በቃሉ ያውቃል። ቀጥሎ መምህር ይሰብካሉ። ከዚያ የሚያስፈራው ይመጣል።

«እህም።» ወረቀት ይንኮሻኮሻል። «የዕረፍት ማስታወቂያ።»

መምህር የሟቹን ስም፣ የአባቱን ስም፣ አገሩንና የቀብሩን ቦታ ያነባሉ። እንግዲህ ማስረጃዬ ይህ ነው። አባ ወልደ ጻድቅ የሚባሉ ጎረቤታችንን ቅዳሜ ገበያ ጨው ሲገዙ አይቻቸዋለሁ፤ ጉንጬንም ቆንጥጠውኛል። ሰኞ ማታ መምህር ስማቸውን ጠሩ። ገና ጠርተው ሳይጨርሱ ከአጥር ማዶ ጩኸት ተነሣ። መጀመሪያ ሬዲዮው፣ ቀጥሎ ጩኸቱ። በሌላው ሳምንትም እንዲሁ። ትልልቆቹ ሰዎች ይህን የሚያህል ነገር እንዴት እንደማያዩ ይገርመኝ ነበር። (ጩኸቱ ከሩቅ መንደር የደረሰ ለቀስተኛ ነበር። የቅርብ ዘመድማ ጠዋቱን ተረድቷል። ለእኔ ግን ይህን ያስረዳኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ እንደዚህ ያለ ነገር ይጠየቃል እንዴ?)

አንድ ቀን መምህር መንገድ ላይ አገኙኝ። ረጅም ናቸው፤ ወፍራም መነጽራቸው በአንድ በኩል በክር ታስሮ ጆሯቸው ላይ ይንጠለጠላል። ጎንበስ ብለው፣

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ? ስምሽስ ማን ነው?» አሉኝ።

ስሜን ነግሬያቸው በወረቀት እንዲጽፉኝ? ቂል አልነበርኩም።

«ሰርካለም» አልኩ።

ሰርካለም በዚያ ሰሞን እርሳሴን የወሰደችብኝ የክፍሌ ልጅ ናት። ስሟ ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሦስት ቀን ሙሉ በነሰርካለም በር እየተመላለስኩ በሕይወት መኖሯን አየሁ። በአራተኛው ቀን እርሳሱን ይቅር አልኳት።

ዘጠኝ ዓመት ሊሆነኝ ሲል፣ በሐምሌ ሥላሴ ዕለት፣ እናቴ ብርነሽ ወንድ ልጅ ወለደች። ቤታችን ገንፎና ጤና አዳም ሸተተ፤ አልጋዋ በመጋረጃ ተከለለ፤ ሬዲዮዋ ከራስጌዋ ተቀመጠች። እናቴ አንድ ወንድም ብቻ ነበራት። ሽመክት ይባላል፤ ራቤል ከተማ አስተማሪ ነበር። አባትና እናታቸው ቶሎ ስላለፉ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። «እታለም፣ ሐሙስ ጠቦትና ቅቤ ይዤ እመጣለሁ፤ ያለ እኔ ስም እንዳታወጡለት» ብሎ ልኮ ነበር።

ሐሙስ አልመጣም።

ያሳፈረችው አይሱዙ ጭነቷንም ሰዎቿንም እንደያዘች ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጣ ነበር። አምስት ሰው ሞተ፤ አንዱ አጎቴ ነው። ይህን የማውቀው ዛሬ ነው። ያኔ የማውቀው ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ልንገራችሁ።

ያን ዕለት ማታ መዝሙሩ አለቀ፤ ስብከቱም አለቀ። ፈራሁና ጆሮዬን ያዝኩ። «እህም» አሉ መምህር። ወረቀቱ ግን አልተንኮሻኮሸም። ብዙ ቆዩ። ከዚያ፣

«ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ፣ ጅራተ ወፍራም፣ ነጭ በግ የጠፋችባችሁ ምእመናን፣ ደብሩ በር ላይ ታስራለችና መጥታችሁ ውሰዱ» አሉ።

በቃ። ማንንም ሳይገድሉ ጣቢያው ተዘጋ። በማግሥቱም አልገደሉም። በሦስተኛውም። ሳምንት አለፈ። እኔ ጣቴን እየቆጠርኩ አንድ ነገር ደረስኩበት፦ ወንድሜ ከተወለደ ወዲህ ሰው መሞት ትቷል። ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ ነገርኩ። አንዷ «አያቴስ አይሞቱም?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት፤ «እኛ ቤት ሕፃን አለ።»

አዋቂዎቹ የሚያውቁት ይህ ነው። አራስ መርዶ አይነገራትም። ወተቷ ይሸሻል፤ ሕፃኑ ይጎዳል። ልጁ ክርስትና እስኪነሣ አርባ ቀን ይጠበቃል፤ ከዚያ ሽማግሌዎች በጠዋት መጥተው ያረዷታል። ችግሩ ሬዲዮው ነበር። የአጎቴን ስም ብቻ መዝለል አይበቃም፤ ከሌሎቹ አራት ሟቾች የአንዱ ስም ቢነበብ፣ ቀጥሎም የሰባቱ፣ የአሥራ ሁለቱ፣ የሠላሳው መታሰቢያ ቢጠራ፣ መኪናዋና ቀኗ አብረው ይነሣሉ። «እንግዲያው የመኪናዋን ሰዎች ትተን ሌላውን እናንብብ» ቢሏቸው፣ መምህር «ሞት አበላልጬ ላነብ ነው?» አሉ። ስለዚህ ሁሉም ቀረ። ወንድሜ ሴት ሆኖ ቢወለድ ኖሮ ክርስትናው በሰማንያ ቀን ይሆን ነበር፤ ያን ያህል ሞትን የሚያቆዩበት ጉልበት ይኖራቸው እንደሆነ እንጃ።

የማስታወቂያው ሰዓት ባዶ እንዳይሆን በግ መጥፋት ነበረበት። ጠፋም። በዚያ ክረምት ዘመሮ አካባቢ የጠፋ በግ ከነበረው በግ ይበልጣል። ዛሬ ላይ ሳስበው፣ ሰው በጉን ራሱ ደብር በር ላይ አስሮ ራሱ እየመጣ ይወስድ ነበር። እናቴ ከመጋረጃው ውስጥ ሆና፣

«ዘንድሮ እረኛ የለም እንዴ?» ትላለች።

እትዬ ማናለብሽ፣ እሷን የምታርሳት ጎረቤታችን፣ ገንፎውን እያማሰለች «ጉሙ ነው አንቺ፤ ጉሙ ዓይን ያጠፋል» ትላለች።

እናቴን ሊጠይቁ የሚመጡት ሴቶች በር ላይ ሲደርሱ አንድ ነገር ያደርጉ ነበር። የነጠላቸው ጥለት ከላይ በአንገታቸው በኩል ነው፤ በር ላይ ይቆሙና ገልብጠው ጥለቱን ወደ ታች ያደርጉታል፤ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ ፈገግ ብለው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እያሉ ይገባሉ። ሲወጡ ደግሞ መልሰው ይገለብጡታል። ለወንድሜ ክብር የሚደረግ ነገር መስሎኝ እኔም ነጠላዬን በር ላይ ስገለብጥ እትዬ ማናለብሽ አየችኝና አናት የሚሰብር ኩርኩም አቀመሰችኝ።

አባቴ «ስብሰባ አለብኝ» ብሎ ሁለት ቀን ራቤል አደረ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች እናቴ።

«አቧራ ገብቶብኝ።»

በሐምሌ! በመንዝ! ዶፉ ቆርቆሮውን እየደበደበ ነበር። እሷ ግን «ታጠበው» አለችው።

«ሽመክት ምነው ቀረ?» ስትል እትዬ ማናለብሽ «ስልጠና አስገብተውት ነው» አለቻት። በማግሥቱ አባቴን ስትጠይቀው፣ «ፈተና ሊያርም ደብረ ብርሃን ተጠርቶ» አለ። ሃምሳ አለቃ ቅጣው ሊጠይቋት ሲመጡ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ሽመክት እግሩን ትንሽ ወለም ብሎት ነው እንጂ ይመጣል» አሉ።

እናቴ ከመጋረጃው ውስጥ ሆና፣ «ወለም ባለው እግሩ ነው ስልጠና የገባው?»

«ስልጠናው ተቀምጠው ነው» አለች እትዬ ማናለብሽ።

ሠላሳ ቀን ገደማ ሲሆነን፣ መምህርን መታረቅ አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። ሰው መግደል ትተዋል፤ እኔ ደግሞ የውሸት ስም ሰጥቻቸዋለሁ። ጣቢያው በር ላይ ስደርስ ውስጥ አንድ ሰው ይጮሃል። ዝተቱ እርጥብ እርጥብ እየሸተተኝ በር ሥር ቆምኩ። ሰውየው ከቀየት በእግሩ የመጣ፣ ይታየው የሚባል ገበሬ ነበር፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው።

«አባቴ ሰው አይደሉም? ዘጠኝ መንደር ዘመድ አለን! የእናንተ በግ ሲጠራ እየሰማሁ የእኔ አባት የማይጠሩት ለምንድን ነው?»

«ነፍሳቸውን ይማር፤ እጠራቸዋለሁ» አሉ መምህር በዝግታ። «አሥር ቀን ብቻ ቀረኝ። አንዲት አራስ አለችን።»

«የማን ቤት?»

«ብርነሽ። የመምህር ሽመክት እህት።»

ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ፤ ውኃው ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። «ልጄን አስተምሮልኛል» አለ። ከዚያ ባርኔጣውን መልሶ አደረገ። «በሉ ይሁን። ዘጠኙንም መንደር በእግሬ አዳርሳለሁ።»

በአጠገቤ አልፎ ወደ ዶፉ ገባ። ዛሬ ያንን ሰው ባገኘው እግሩን አጥብ ነበር። ያኔ ግን ከሁሉም የሰማሁት ሁለት ነገር ነው፦ አሥር ቀን ቀርቷቸዋል። የሚጠብቁትም የእኔን እናት ነው።

ገዳዩ አልተዉም ለካ። እረፍት ላይ ነበሩ።

አሥር ቀን አሰብኩ። ያለ ወረቀት አይገድሉም፤ ወረቀት ደግሞ ያለ መነጽር አያነቡም። ለፍልሰታ ኪዳን ሲያደርሱ መነጽራቸው በላብና በጉም ስለሚደፈን ጣቢያው ጠረጴዛ ላይ ይተዉታል። በክርስትናው ዋዜማ ገብቼ ወሰድኩት፤ እቤት አምጥቼ የገብሱ ጎታ ውስጥ እስከ ክንዴ አስገብቼ ቀበርኩት። ወንድሜ በፍልሰታ ዕለት ክርስትና ተነሣ፤ አትናቴዎስ ተባለ፤ ቤት ውስጥ አብነት አልነው። በላን፤ ጠጣን። እኔ ከሁሉ በላይ ተደሰትኩ። አገር አድኛለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌዎች መጡ። መምህር ያለ መነጽር ጭቃውን ማየት ስላልቻሉ ሃምሳ አለቃ በእጃቸው ይዘው ይመሯቸዋል። እናቴ ቁጭ ብላ ወንድሜን ታጠባለች። አባቴ ሕፃኑን ከእቅፏ ወሰደው። መምህር አጠገቧ ተቀመጡና፣

«ብርነሽ ልጄ፣ ሽመክት ዐርፏል» አሉ።

የእናቴን ጩኸት መጻፍ አልችልም። እኔ የማስታውሰው ዘልዬ የመምህርን እጅ መንከሴን ነው። «ያለ መነጽር! ያለ ወረቀት!» እያልኩ እጮሃለሁ። ያልጮኸ ስላልነበረ ምን እንደምል የሰማኝ የለም። መምህርም እጃቸውን አልነጠቁኝም፤ እስኪበቃኝ ተነከሱልኝ።

ያን ዕለት ማታ ጣቢያው ተከፈተ። መዝሙር የለም፤ ስብከት የለም። «እህም» አሉ፤ ከዚያ በአርባ ቀን ውስጥ ያረፉትን ሃያ ሦስት ሰዎች፣ ከነአባታቸው፣ ከነአገራቸው፣ አንድ ሳይስቱ በቃላቸው ጠሩ። ከሽመክት ጀምረው በይታየው አባት ጨረሱ። እኔ በአንድ ማታ ሃያ ሦስት ሰው የሚገድል ሰው አይቼ አላውቅምና አልጋ ሥር ገባሁ። ሃምሳ አለቃ በኋላ እንደነገሩኝ፣ መምህር በእነዚያ አርባ ቀናት ባትሪው ከደከመ በኋላ ሁልጊዜ ባልተከፈተው ድምፅ ማጉያ ፊት ተቀምጠው የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ እያነሡ ይጸልዩላቸው ነበር። ለወረቀት ምን ጉዳይ አላቸው?

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሙሉ ለቀስተኛ ተቀምጦ ሳለ እትዬ ማናለብሽ ለቆሎ ገብስ ስትዝቅ መነጽሩ ወጣ። ይዛው ድንኳን ገባች። «የማን ነው ይሄ?» መምህር ከነክሩ ተቀበሏት፤ ገብሱን እፍ እፍ አሉና ሳቁ። ለቅሶ ቤት! ሰው ሁሉ ደነገጠ። ወደ እኔ ዞረው በጣታቸው ጠሩኝ።

«ሰርካለም፣ አንቺ ነሽ?»

«ሰርካለም አይደለሁም» አልኩና ተንሰቀሰቅሁ። «ፀደንያ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ያን ዕለትም አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ሰርካለም ይሉኛል?»

«ስምሽን ልትሰጪኝ ካልፈለግሽ፣ ለምን በግድ ልውሰደው?» አሉ፤ መነጽራቸውንም አደረጉ።

መግደላቸውን ያቆሙት ለእኔ ያን ጊዜ ነው።

ዓምና ጣቢያው የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ከአዲስ አበባ ጠሩኝ። በቀጥታ ስርጭት ከመምህር ጋር ቁጭ ብለን የጣቢያውን ታሪክ እናወራለን። እነዚያ አርባ ቀናት የጣቢያው ኩራት ሆነዋል፤ የጣቢያው ልጆች በግድግዳ ላይ ሊጽፉት ምንም አልቀራቸውም። ከመሄዴ በፊት እቤት ተቀምጬ ለእናቴ ይህንኑ እየነገርኩ፣

«እንዴት ግን አርባ ቀን ሙሉ አልጠረጠርሽም?» አልኳት።

ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ሳትል፣ «በሦስተኛው ቀን ዐወቅሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። የማንም ስም አለመጠራቱ ነዋ። ሐምሌ ነው፤ ብርድ ነው፤ ሽማግሌ የሚረግፍበት ወር ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው አልሞተም? የሚደበቀው ከአራስ ነው። በዚያ ሰሞን ዘመሮ ላይ አራስ እኔ ነበርኩ። ከእኔ ወገን ደግሞ ያልመጣ ማነው?» አንድ ጠጠር አነሣችና ጣለች። «ነጠላዬን ነክሼ፣ ሁላችሁም ስትወጡ፣ ከመጋረጃው ውስጥ አለቅሳለሁ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ገንፎዬን እበላለሁ።»

«ለምን እማዬ? ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ምን ብዬ? አባትሽ አቧራ ገባብኝ ሲል፣ ማናለብሽ በእኔ ፊት ላለማልቀስ ከንፈሯን ስትበላ፣ አገር በጉ ጠፋ ሲልልኝ? ‹ዐውቄዋለሁ፣ ተዉት› ልበላቸው? ልጁስ ምን ይጠባል?»

«ታዲያ ያ ጩኸት…»

«ለይምሰል መሰለሽ?» አሁን ቀና አለች። «መምህር አፍ አውጥተው ሽመክት ዐርፏል እስኪሉኝ ድረስ፣ ተሳስቼ እንደሆነስ እል ነበር። ሰፌዱን ሳነሣ፣ በር ሲንኳኳ፣ ተሳስቼ እንደሆነስ። አርባ ቀን እሷን ይዤ ነው የቆየሁት።»

ምስሩን ገፋ አደረገችው። «ለእሳቸው ግን እንዳትነግሪ። በሕይወት ሳሉ ለማንም። ዕድሜያቸውን ሁሉ ሞት ሲያነቡ ኖረው፣ አንድ ጊዜ አስቀሩት። እሱን እንዳትነኪባቸው። ማይልኝ።»

ማልኩላት።

አዲሱ ጣቢያ መስታወት አለው፤ ግድግዳው ስፖንጅ ነው፤ ምንም አይሸትም። መምህር ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ድምፃቸው ቀጥኗል። ማዕረግ የምትባል ወጣት አዘጋጅ ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ከሽቦው ጆንያ እስከ በጎቹ ድረስ ተረኩ።

«ብዙ ተናግረናል» አሉ። «ከተናገርነው ምን እንደቀረ አላውቅም። ያ ግን ሠርቷል። ለአንዲት እናት አርባ ቀን አቆይተንላታል።» ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ዓይናቸው ብዙ አያይም፤ ፈለጉኝ። «እንዲያው እኔ ልሙት፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ፀደንያ፣ እናትሽ አልጠረጠረችም ነበር? አንዳንዴ ይከነክነኛል። ከንቱ ልፋት ይሆን እንዴ እያልኩ።»

እኔ ሰው ላይ በመቀለድ እንጀራዬን የምበላ፣ ከሰው አፍ ውሸት መልቀም ሥራዬ የሆነ ሰው ነኝ። ቀዩ መብራት በርቷል። እናቴ እቤት ሬዲዮዋን ከፍታ ተቀምጣለች።

«የለም መምህር» አልኩ። «ምንም አልጠረጠረችም። አርባውንም ቀን ሰላም አሳለፈች። እናንተ ስትነግሯት ነው የሰማችው።»

መምህር ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። አየር ላይ ምንም ድምፅ አይሄድም። ማዕረግ በመስታወቱ ማዶ ላለው ባለሙያ እጇን አነሣች፤ እሱም መዝሙር ሊለቅ ጣቱን ቁልፉ ላይ አደረገ። «ተዉት» አልኳቸው በከንፈሬ። ተዉት።

እቤት ስገባ እናቴ ከሬዲዮው አጠገብ እንደተቀመጠች ነበረች።

«መሃል ላይ ዝም አላችሁ» አለችኝ። «መምህር ምን ሆነው ነው?»

«ያለቅሱ ነበር» አልኳት።

«እኔም» አለች።